የድንቡሼ ምግብና የየሺዋስ ሹራብ

እድላዊት፣

ዛሬ ጠዋት እንደ ወትሮው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነስቼ ለድንቡሼ ድንች ቀቀልኩለት። በልቶ በሩ ሥር ተኛ። አላከከም። እንቅልፍሽን ላለማቋረጥ ነው የምጽፍልሽ፤ ለሥራ አዳማ ሄጄ ሐሙስ እመለሳለሁ።

ትናንት አቃቂ፣ የእንስሳት ሐኪሙ ጋ ወስጄው ነበር። "ውሻሽ በሁዳዴ ምን ይበላ ነበር?" አለኝ። እንደኛው ድንችና ምስር አልኩት። "ያኔ ቆዳው ድኖ ነበር?" ሲለኝ ነገሩ ገባኝ።

የማይስማማው ዶሮ ነው።

ለፋሲካ "እሱም እኮ አብሮን ጾሟል፣ እትዬ፣ ይፈስክ እንጂ" ብለሽ ስትሰጪው እኔም ስቄ ጨምሬለታለሁ። ጥፋቱ የሁለታችን ነው።

ከእንግዲህ ዶሮም እንቁላልም እንዳትሰጪው፣ ቢለማመጥሽም። ሽንኩርትና ቅመም ያልነካው ድንችና ምስር ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ። ሐኪሙ የሰጠኝን ቅባት ማታ ሆዱ ሥር ቀቢው፤ እስኪደርቅ እንዳይልሰው ያዢው።

የሚተኛበትን የባለቤቴን ሹራብ "ያሳከከው ይሄ ነው" ብለሽ በፈላ ውሃና በበረኪና ያጠብሽው ለእሱ አስበሽ ነው። አውቃለሁ። ያን ቀን ሳላናግርሽ መዋሌ ልክ አልነበረም።

የሺዋስ ካረፈ በኋላ ልብሱን ሁሉ ለዘመድ ስሰጥ ያስቀረሁት እሱን ብቻ ነበር። ሳላጥበው።

ትናንት ሲደርቅ ለድንቡሼ አነጠፍኩለት። አሸተተው፣ ከዚያ ትቶት ወለሉ ላይ ተኛ።

እኔም አሸተትኩት። የየሺዋስ ጠረን የለበትም።