«በሙሉ ድምፅ» የሚለው ቃል እንዲታረምልኝ ስለመጠየቅ

አሰላ፣ ነሐሴ 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ የቀበሌያችን ሊቀመንበር

ጓድ ሊቀመንበር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የጭላሎ ብርድ ዘንድሮ ክፉኛ ስለጠናብን፣ ለስብሰባ የሚደርቡት ካፖርት እንዲያሞቅዎት፣ ጉሮሮዎም ለመጪው ሰኞ የውይይት ክበብ እንዲሻልዎት ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከእግሬ ቁርጥማት በቀር ደህና ነኝ፤ ደህና ማለት ከተቻለ።

ይህን የምጽፈው በድፍረት ሳይሆን በትእዛዝዎ ነው። ባለፈው ሰኞ ስለ ሕገ መንግሥቱ ረቂቅ ስንወያይ፣ ዴሞክራሲ ምን ማለት እንደሆነና ስንት ዓይነት እንዳለው እያንዳንዱ አባል አስተያየቱን በጽሑፍ እንዲያቀርብ፣ ጽሑፉም በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንዲለጠፍ አዘዋል። እኔ ተክለወልድ ካሣዬ፣ ሠላሳ ዓመት በፍርድ ቤት ደጃፍ የሰው አቤቱታ ስጽፍ ኖሬ፣ ኋላም «እጅ ጽሑፍህ ያምራል» ተብዬ የቀበሌው ቃለ ጉባኤ ያዥ የሆንኩ ሰው፣ ለራሴ አንድም ቀን አቤት ብዬ ስለማላውቅ፣ እስቲ ዛሬ ልሞክረው ብዬ ነው።

በቅድሚያ ስለ ትምህርቱ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የበዝባዦች ዴሞክራሲ ሕዝቡ የሚበዘብዘውን ሰው በየጊዜው የሚመርጥበት መሆኑን፣ የእኛው ሕዝባዊ ዴሞክራሲ ግን ሰፊው ሕዝብ በአንድ ድምፅ የሚወስንበት መሆኑን አስረድተውናል። ዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት የሚባለውም፣ ከላይ ያለቀውን ነገር እኛ ከታች ሆነን በሰፊው የምንወያይበት እንደሆነ ሦስት ጊዜ ስለነገሩን ጥሩ አድርጎ ገብቶናል። ከእነዚህ ላይ የምጨምረውና የማነሳው ጥቂት ነገር ስላለኝ፣ እንደ ልማዴ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በትምህርቱ ያልተጠቀሰ አንድ ዓይነት አለ። በንጉሡ ጊዜ ለአንድ የግጦሽ ክርክር በጸሐፊነት ወደ ኦጎልቾ ሄጄ፣ የአርሲ ሽማግሌዎች ግራር ሥር ተቀምጠው ሲመክሩ አይቻለሁ። ሁሉም ተስማምተው ሊመርቁ ሲሉ፣ ጉቱ የሚባል፣ አንዲት ላም እንኳ የሌለው ሰው ተነስቶ «ሂንታኡ» አለ፤ አይሆንም ማለቱ ነው። እኔ ወረቀቴን ልሰበስብ ነበር፤ በአንድ ሰው እምቢታ ምን ይመጣል ብዬ። እነሱ ግን እንደገና ተቀመጡ። ለእሱ ብቻ ሁለት ቀን ተቀመጡለት፤ ምክንያቱን እስኪጨርስ ሰሙት፤ ከዚያ በኋላ ነው ምርቃት የሆነው። ያን ጊዜ እነዚህ ሰዎች ሥራ የላቸውም እንዴ ብዬ ስቄባቸው ነበር። ዛሬ ላይ ቆሜ ሳስበው ያፈርኩት በራሴ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ጥቅምት 1977ቱ ስብሰባ ነው። ከቀበሌያችን አሥራ አራት ወጣቶች ለብሔራዊ ውትድርና እንደሚፈለጉ ተናግረው፣ «የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ» አሉ። እኛም እንደ ወትሮው አወጣን። አዳራሹ ሙሉ ስለነበር ቆጠራው ረዘመ፤ እርስዎም የሕዝቡን ጊዜ ላለማባከን፣ እጃችን እንደተሰቀለ የአሥራ አራቱን ስም ማንበብ ጀመሩ። ለዚህ ቁጠባዎ እስከ ዕለተ ሞቴ አመሰግንዎታለሁ። ዘጠነኛው ስም ፈቃደ ተክለወልድ ነበር፤ ልጄ፣ የሃያ ሦስት ዓመቱ የእንጨት ሠራተኛ፣ ሌላ ልጅ የሌለኝ።

እዚህ ላይ በእርስዎ ማሳበብ ለእኔ ቀላል ነበር፤ ስሙን ሳልሰማ ነው እጄን ያወጣሁት ማለት ይቻላል። እውነቱ ግን፣ ጓድ ሊቀመንበር፣ ስሙን ከሰማሁ በኋላም አላወረድኩትም። ከክፍለ ሀገር የመጡት ካድሬ በእኛ ረድፍ በኩል እያዩ ነበር። እጄ ደንዝዞ፣ ብብቴ በዚያ ብርድ በላብ ርሶ፣ አሥረኛው፣ አሥራ አንደኛው፣ እስከ መጨረሻው ድረስ አየር ላይ ነበር። «አውርዱ» ሲሉን አወረድኩ።

ሦስተኛ፤ ስለ ቃለ ጉባኤው። ያን ዕለት ከስብሰባው በፊት፣ ቀትር ላይ፣ ቢሮዎ ጠርተውኝ ሁሉንም አጽፈውኝ ነበር፤ «ቤቱ በስፋት ተወያይቶ በሙሉ ድምፅ ወስኗል» ከሚለው ሥር አሥራ አራት ባዶ መስመር ተውኩ። ሌላው አገር ተሰብስቦ ይጽፋል፤ እኛ ጽፈን በመሰብሰባችን ስንት ወረቀት እንዳተረፍን እግዜር ይወቀው።

ልጄ እንደወጣ ቀረ። ባለፈው ሚያዝያ፣ አንድ እግሩን ሰሜን ትቶ የተመለሰ የአቦምሳ ልጅ ፈልጎ መጥቶ ነገረን። ቤቴ ለቅሶ ሆነ። ባለቤቴ ተሻለች በዚያ የስብሰባ ዕለት እህቷ ወልዳ ልትጠይቅ ሮቤ ስለነበረች፣ ማን እንደነበረና ማን እንዳልነበረ አላየችም። ስለዚህ ከደጃፉ ቆማ የመጣውን ለቀስተኛ ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቀች፤ «በፈቃደ ላይ እጅህን አውጥተሃል ወይስ አላወጣህም?» አላወጣሁም ያለ ገባ። ያን ያህል አላወጣሁም ባይ በመኖሩ እኔም ገረመኝ። እርስዎም መጥተው ነበር፤ ተሻለችን ከሩቅ ሲያዩ ስብሰባ እንዳለብዎት ትዝ ብሎዎት ተመለሱ፤ ሰዓት አክባሪነትዎ የታወቀ ነው።

ጎረቤታችን ባለሱቁ ሁሴኖ ብቻ፣ «አውጥቻለሁ፣ እታለም» አላት። አላስገባችውም። ሦስት ቀን ሙሉ ጆንያ ደርቦ፣ ከደጅ ድንጋይ ላይ በዝናብ ተቀመጠ። ሚስቱ አስያ ይዛ የመጣችውን ንፍሮ ተሻለች ከነእቃው መለሰችላት። ከዚያ ወዲህ ከሱቃቸው ጨው እንኳ አትገዛም፤ ሰላምታም የለም። ሁሴኖ ደግሞ በስብሰባው ከጎኔ ነበር የተቀመጠው። የእኔን እጅ አይቷል። በአራተኛው ቀን ስወጣ ቀና ብሎ አየኝና «አይዞህ፣ ጋሼ» አለኝ፤ ሌላ ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረም። እኔ እቤት ውስጥ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ በአጽናኝ ተከብቤ ነበር የሰነበትኩት።

ለቅሶው ካለቀ በኋላ ተሻለች እኔንም ጠየቀችኝ። «ቃለ ጉባኤ እየያዝኩ ነበር፤ እጄ ብዕር ይዞ ነበር» አልኳት። ግንባሬን ሳመችኝ። ብዕሬ ያን ቀን ከኪሴ አልወጣችም ነበር።

እንግዲህ የምጠይቀው ቀላል ነው። ልጄን አልጠይቅም፤ እሱን መመለስ ከቀበሌው ሥልጣን በላይ እንደሆነ ይገባኛል። በዚያ ቃለ ጉባኤ ላይ «በሙሉ ድምፅ» የሚለው ተሰርዞ «በአንድ ተቃውሞ» ይባልልኝ። ስርዝ ድልዝ እንደማይወዱ ስለማውቅ፣ እኔው ራሴ በጥሩ ጽሑፍ ገልብጬ አመጣለሁ። ያን ቀን አልተቃወምክም ቢሉኝ ልክ ነዎት፤ አልተቃወምኩም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ሃያ ሁለት ወር፣ ስተኛም ስነሳም፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሜም፣ ያቺን እጅ ሳወርድ ነው የኖርኩት። የሚቆጥርልኝ ብቻ አላገኘሁም።

የታዘዝኩትን ጥያቄ ደግሞ በአጭሩ ልመልስ። የዴሞክራሲን ዓይነት የሚያውቁት እርስዎ ነዎትና አልከራከርም። ለእኔ ግን ዴሞክራሲ ማለት አንድ ፈሪ ሰው የልጁን ስም ሲሰማ እጁን ማውረድ የሚችልበት ቤት ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ቤት ረቂቁ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት፤ ዓይኔ ደክሞ ከሆነ ይቅርታ።

ለሰጡኝ የመናገር ዕድል፣ ለትዕግሥትዎና ለአባትነትዎ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ልጆችዎን ሁሉ በደህና እንዲያሳድግልዎት የምለምን፣

ተክለወልድ ካሣዬ
የቀበሌው ቃለ ጉባኤ ያዥ የነበረ

ግልባጭ፦
ለማስታወቂያ ሰሌዳ
ለባለቤቴ ለወይዘሮ ተሻለች

ማሳሰቢያ፦ ባለቤቴ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ በዚሁ አዳራሽ፣ ፊደል ስለቆጠረች በጣም እናመሰግናለን። ቅዳሜ ገበያ ስትወጣ በሰሌዳው ፊት ታልፋለች፤ በአፌ ልነግራት ሦስት ወር ሞክሬ አቅቶኛል። ቃል በቃል እየለቀመች ስለሆነ የምታነበው፣ ጊዜ ይወስድባታልና እባክዎን እስክትጨርስ ወረቀቱን እንዳያነሱት። የሚወሰድ ነገር ካስፈለገ እኔ እቤት ነኝ።