ካሴት መገልበጥ ቀረ

ቢቸና፣ ጥር 2001 ዓ.ም.

ለአባቴ ተማሪ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ? ካንተ ዘንድ የመጣ ሰው፣ ከማስተማሩ ብዛት ጉሮሮው ታሟል ብሎኝ ሳስብ ሰነበትኩ። እኛ ክብሩ ይስፋና ደኅና ነን። አባባም ደኅና ናቸው፤ እንዲያውም ከደኅናም በላይ ናቸው። የምጽፍልህም ስለዚሁ ነው። እየሳቅሁ ስለምጽፍ ፊደሌ ቢንጋደድ ታገሠኝ።

ለአባባ አዲስ ማጫወቻ ገዛሁላቸው! ኤምፒስሪ ይሉታል። ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ከፍ ቢል ነው፤ ያ ሁሉ ካሴታችን ግን ውስጡ ገብቶ ቦታ ተርፎታል።

ስትሄድ ትተህላቸው የሄድከው ዎክማን አርጅቶ ነበር። የካሴቱን ክር ያኝካል፤ እኔም አውጥቼ በእርሳስ ሳጠነጥን እውላለሁ። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ደግሞ ጉንደ ወይን ድረስ ሄደህ የቀዳህላቸው የመምህራቸው ድምፅ እንደ በሽተኛ ይጎተታል። ያኔ አባባ "መምህሬን አታሰቃዪብኝ!" ብለው ይቆጣሉ። አንዱ ገጽ ባለቀ ቁጥር "ወይንእሸት!" ይላሉ፤ እኔ ከስፌት መኪናዬ ተነሥቼ እገለብጣለሁ። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ቀናችን እንዲህ ነበር። ሽማግሌ የላክህ ጊዜ "እሷ ከሄደች ማን ይገለብጥልኛል?" ብለው የመለሱትን ሰው ሁሉ ቀልድ አድርጎ ሳቀ። እኔ ብቻ አልሳቅሁም።

እናልህ፣ ዎክማኑን ላሠራ ካሴቶቹንም ይዤ ሞጣ ሄድኩ። አብዱራዛቅ የሚባል ነጋዴ ፈታቶ አየውና "እህቴ፣ የዚህ ዕቃ ከእንግዲህ አይገኝም" አለኝ። ከዚያ አዳዲሶቹን ደረደረልኝ። አንዱ ፊልም ሳይቀር ያሳያል፤ እንደ መስተዋት ለስላሳ ነው፤ በጣት ሲነኩት ቦግ ይላል። እንዴት እንዳማረኝ! ለዓይነ ስውር አባቴ ነው ስለው ግን ከእጄ ተቀበለኝና "ይሄ ለሚያይ ሰው ነው፤ ጣት የሚይዘው ነገር የለውም" ብሎ ቁልፎቹ ጎላ ጎላ ያሉ አንድ ጥቁር ማጫወቻ ሰጠኝ።

ጉድለቱንም አልደበቀኝም። "መብራት ከጠፋ ቻርጅ የለም፤ እንደ ድሮው ከኪዮስክ ድንጋይ ገዝተሽ አታስነሺውም። ከወደቀም በእርሳስ የሚጠገን አይደለም። ይቺን ቁልፍ አጥብቀው ከያዙ ደግሞ ያለውን ይሰርዛል" አለኝ። የቢቸናን መብራት ታውቀዋለህ፤ አመነታሁ። ለእሱ ያልነገርኩት ሌላም ምክንያት ነበረኝ። አሮጌው ካንተ እጅ የመጣ ነው።

አንድ መዝሙር ከፍቶ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሲሰካልኝ ግን ነገሩ አለቀ። ዘማሪው ትንፋሽ ሲስብ ሳይቀር ይሰማል! ካሴቶቹን ወደ አዲሱ እንዲቀዳልኝ ትቼለት መጣሁ። እሱም ቃሉን ጠብቆ ሁሉንም በአውቶቡስ ላከልኝ።

አባባ ጠሉት። በመጀመሪያው ቀን አንዱን ቁልፍ ሲጫኑ ዝም ቢልባቸው "ይሄን ቁራጭ ከፊቴ አንሺልኝ፤ ዎክማኔን አምጪ" አሉ። ከፋኝ፤ ግን እልህም ያዘኝ። ተቀምጬ በልኩ የጨርቅ ልባስ ሰፋሁለት። በማስጀመሪያው ላይ አንድ ጨሌ፣ በማሳለፊያው ላይ ሁለት ጨሌ ተከልኩ፤ የሚሰርዘውን በወፍራም ጨርቅ ደፈንኩት። ክር አበጅቼም አንገታቸው ላይ አንጠለጠልኩላቸው። "እንደ በግ አሰርሽኝ" ብለው አጉረመረሙ። ጣታቸው ግን ጨሌውን ስትፈልግ በዓይኔ አይቻለሁ።

ባለፈው ሳምንት የሙሽራ ልብስ ላደርስ ጉንደ ወይን ሄጄ ስመለስ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሸ። ሰው ሁሉ በሾፌሩ ላይ ይጮኻል፤ የእኔ ሐሳብ አባባ ጋ ነው። ብቻቸውን፣ ያለ ድምፅ፣ ስሜን እየጠሩ ተቀምጠው ታዩኝ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደርሼ ከመናኸሪያ እስከ ቤት እየሮጥኩ ገባሁ።

ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ጎረቤታችን አለቃ ወልደ ኪዳን መጥተው፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ማዳመጫውን አንድ አንድ ጆሮ ተካፍለው፣ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ተቀምጠዋል! አባባ "እዚህች ላይ ስማ፤ ቆይ፣ ልመልሰው" እያሉ ራሳቸው ይመልሱታል። አለቃ ቁልፉን ሊነኩ ሲሞክሩ "ተው፣ አታውቅበትም!" ብለው አባባ እጃቸውን መቷቸው። ኮቴዬን ሰምተው ቀና አሉና "ምነው ዛሬ ቶሎ መጣሽ?" አሉኝ።

ቶሎ! ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ እንባዬ መጣ። መቃኑን ይዤ ሳቁንም እንባውንም አንድ ላይ ጨረስኩ። ምሳቸውንም አለቃ አብልተዋቸዋል። አልጠሩኝም፤ ቀኑን ሙሉ አልፈለጉኝም። ይሄን ያህል የሚያስደስት ነገር ሰምቼ አላውቅም።

እራት እየበላን ድንገት "ያ ልጅ አሁን የት ነው?" አሉኝ። ሽማግሌዎቹን ከመለሱ ወዲህ ስላንተ አንድም ቀን አንሥተው አያውቁም። "ደብረ ኤልያስ ነው፤ ቅኔ ያስተምራል" አልኩ።

"እሱንማ ሰምቻለሁ። ትዳር ይዟል ወይ ነው የምልሽ።"

"አላውቅም፣ አባባ።"

"ካላወቅሽ ጠይቂዋ! መጻፍ በከንቱ ነው ያስተማርኩሽ?" አሉና ማዳመጫቸውን ጆሯቸው ላይ ሰኩ።

እኔ እንግዲህ የታዘዝኩትን ጠይቄያለሁ። ምን ብለህ እንደምትመልስ አንተ ታውቃለህ። ደብዳቤ እንደሚዘገይ ግን እወቅልኝ። በደብረ ማርቆስ በኩል የሚመጣ መኪና ሞልቷል፤ የጥር ሠርግም ገና አላለቀም።

ያስተማረህ አምላክ ወንበርህን ያጽናልህ፤ ደቀ መዛሙርትህን ያብዛልህ፤ መንገድ ከጀመርክም በሰላም ያግባህ።

የመምህርህ ልጅ