ፓራፋንጎ ሥር የነበረው ጭቃ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

ለልጄ እናት፣ ለእኔዋ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? የምትንከባከቢያትን አሮጊት ስታነሺና ስታስተኚ ወገብሽን ጠንቀቅ በይ። የሰው እናት ስትሸከሚ የእኔን ሚስት እንዳትሰብሪብኝ። እኔ እበላለሁ፣ እተኛለሁ ብዬ አልዋሽሽም፤ ግን ቆሜ እሄዳለሁ፣ ሥራም እገባለሁ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ስደውልልሽ ወንድምሽ ሁልጊዜ አጠገቤ ነው፤ ገና "ሃሎ" ሳልል ጆሮውን ስልኩ ላይ ይለጥፋል። ይህን ደግሞ እሱ እንዲሰማው አልፈልግም። ስለዚህ የዶሮ ጭረት የመሰለ ጽሕፈቴን ታገሺኝ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው፣ ቆመሽ አታንብቢ።

ልጃችን "ደርሼ እመጣለሁ" ብሎ በመኪናችን ከወጣ ይኸው ሁለተኛ ወሩን ያዘ። መኪናዋ አውራ ጎዳናው ዳር ተቆልፋ እንደተገኘች፣ ፖሊሶቹም ፈትሸው "ምንም የለባትም" ብለው እንደመለሱልኝ ታውቂያለሽ። እነሱ ወንበሩን አዩ፣ የሞተሩን ክዳን ከፈቱ፣ የኋላውን ፈተሹ። እኔ ግን ዕድሜዬን ላቫጆ ውስጥ መኪና ሳጥብ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ጎንበስ ብዬ ያየሁት ፓራፋንጎው ሥር ነው፣ ጎማው የሚሽከረከርበት ጉድጓድ ውስጥ። ሰው መኪናውን አሳጥቦ ሲያበቃ ላሜራው ላይ መልኩን እያየ ፀጉሩን ያስተካክላል። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ምን እንዳለ የሚጠይቅ የለም፤ የሄደበት መንገድ ሁሉ ግን እዚያ ተለጥፎ ይቀመጣል።

ምን አየሁ መሰለሽ? ከሥር የእኛ ሰፈር ግራጫ ጭቃ አለ፣ የማውቀው። ከእሱ በላይ ግን ሌላ ጭቃ ደርቋል፤ ቢጫ፣ የሚያጣብቅ ዓይነት፣ የሸምበቆ ቅጠል የተቀላቀለበት። መሐሉ ላይ የጥፍር ጫፍ የምታክል የቀንድ አውጣ ቅርፊት ተሰንቅራለች። መኪናዋ የተገኘችበት ቦታ አስፋልትና ድንጋይ ነው፤ እንዲህ ያለ ጭቃ እዚያ ከየት ይመጣል? ልጃችን እሷን ከማቆሙ በፊት ውኃ ያለበት ቦታ ደርሷል። የደረሰበት ቦታ ካለ ያየው ሰው ይኖራል ብዬ ልቤ ልትወጣ ደረሰች። ሥራ ካቆመ ወዲህ ዝምታ ማብዛቱን ታውቂያለሽና፣ ሌላ ያሰብኩትንም አንቺ ታስቢዋለሽ። እሱን አልጽፈውም።

ሐሙስ ዕለት መርማሪው ዘንድ ሄድኩ። "ይሄ ሽማግሌ ለየለት" ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም። አብሮኝ መጥቶ፣ ሱሪው አፈር ይንካው አይንካው ሳይል ተንበርክኮ አየ። "አባቴ፣ ደግ አደረጉ። አፈር የሚያውቅ ባለሙያ ሰኞ ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ማንም እንዳይነካት፣ ለማንም እንዳያወሩ" አለኝ። እኔም በሸራ ሸፍኜ ላቫጆው ጥግ አቆምኳት፣ አፌንም ዘጋሁ። ለወንድምሽ እንኳ ትንፍሽ አላልኩም። እሱ ወሬ እንደማይቋጥር አሳድገሽው ታውቂያለሽ፤ ወዲያው ደውሎ ያልተረጋገጠ ተስፋ ያስይዝሻል ብዬ ፈራሁ።

እሁድ ሥራ የለንም። ከሰዓት በኋላ ቤት ጋደም ብዬ ሳለሁ ወንድምሽ መጣና እጄን ይዞ "ተነስ፣ የማሳይህ ነገር አለ" አለኝ። ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቷል። መንገዱን ሙሉ ብጠይቀው፣ ብለምነው ወይ ፍንክች። ላቫጆው ስንደርስ ሸራው ተጣጥፎ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

አጥቧታል።

"ልትነካት ልብህ እንቢ ብሎህ ነው፣ አየሁህ እኮ!" አለኝ። "ሸፍነህ ዙሪያዋን ስትዞር አንጀቴን በላኸው። እኔ ልሥራለት ብዬ ከጠዋት ጀምሬ እዚሁ ነኝ። ልጁ ሲመጣ ንጹሕ ሆና ትጠብቀው።"

የወንድምሽ ሥራ ለብ ለብ መሆኑን ታውቂያለሽ። ጉድጓዱን ከፊት ለፊት ውኃ ረጭቶበት፣ ከላይ ጣሪያውን እንዳለ ይተወዋል። ስጮህበት "ማን አንገቱን አጥፎ ያየዋል?" ይለኛል። ያን ቀን ግን በክሪክ አንስቶ አራቱንም ጎማ ፈትቷል። በግፊት ውኃ መትቶ፣ ሳሙና አስጠጥቶ፣ በትልቁ ብሩሽ ፈግፍጎ፣ ብሎኖቹ ዙሪያ ያለውን በጥርስ ብሩሽ ለቅሞታል። አድርቆ ጥቁሩን ቅባት ቀብቶ፣ የተረፈውን በጨርቅ ጠርጓል። ሥሯንም አልተወም። ምንጣፎቹን ሳይቀር አጥቦ አስጥቷቸዋል።

እጄን ሰደድኩ። ዓይን የማይደርስበት ጣሪያው ድረስ አስገብቼ ዳበስኩ፤ አንዱን፣ ሌላውን፣ አራቱንም። ቅንጣት አፈር የለም። እኔ ራሴ እንደዚያ አድርጌ ሠርቼ አላውቅም።

"እህሳ፣ ሙያዬ እንዴት ነው?" አለኝ እየሳቀ።

እስቲ አንቺ ብትሆኚ ምን ትይው ነበር? "ጥሩ ነው" ብዬ ወደ ፍሳሹ ጉድጓድ ሄድኩ። ክዳኑን አንስቼ ጭቃውን በሁለት እጄ እያፈስኩ ማውጣት ጀመርኩ። የሳምንቱ መኪና ሁሉ እዚያ አለ፤ የታክሲው፣ የአሸዋ መኪናው፣ የሐኪሙ። ቢጫ ፈለግኩ። ቢጫ የሚባል የለም፣ ሁሉም አንድ ላይ ጠቁሯል።

"ምን ጠፋብህ? ቀለበትህ ነው እንዴ?" ብሎ አጠገቤ ተንበረከከ።

"አዎ" አልኩት። እሱም እጁን ከተተ። ቀለበቴ ቤት መሳቢያ ውስጥ ነው፤ እኛ ግን ለዓይን እስኪይዝ ድረስ ሁለታችን ስንቆፍር ቆየን። "አይዞህ፣ እናገኘዋለን" ይለኛል በየመሐሉ።

ሰኞ መርማሪው ባለሙያውን ይዞ መጣ። ሰውየው ጓንቱን አጥልቆ፣ ትንንሽ ከረጢቶቹን አውጥቶ፣ ባትሪ አብርቶ ሥሯ ገባ። ወዲያው ወጣ። "ማን ነው ያጠባት?" አለ።

"እኔ!" አለ ወንድምሽ ደረቱን ነፍቶ። "ምነው፣ የቀረ ነገር አለ?"

መርማሪው ዞሮ እኔን አየኝ። በዓይኔ ለመንኩት። እግዜር ይስጠው፣ ገባው። "የለም፣ እንዲሁ ነው" ብሎ ባለሙያውን ይዞት ወጣ። በር ድረስ ስሸኛቸው "አባቴ፣ ከጭቃው ሌላ በእጃችን የነበረ ነገር የለም" አለኝ። መዝገቡን አንዘጋውም ብሎኛል፤ ሲለኝ ግን መሬት መሬት ያያል።

የልጄ እናት፣ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ። ልጃችን የት እንደደረሰ ከእንግዲህ የምናውቅ አይመስለኝም። ሥራዬን ጥዬ ልምጣ እንዳትይ፤ መጥተሽ የምትፈልጊበት ቦታ የለም። እኔም ጠዋት ጠዋት እየወጣሁ የወንዙንም የሐይቁንም ዳር ሁሉ ልዙር ብዬ ነበር። ውኃው ብዙ ነው፣ ሸምበቆውም የትም አለ።

ትናንት ማታ ወንድምሽን አንቄ "ገደልከኝ!" ልለው ቃጥቶኝ ነበር። እራቱን አቅርቦልኝ፣ ቀድሞ እኔን አጉርሶኝ፣ ስለ ልጁ ሕፃንነት እያወራ ሲስቅና ሲያለቅስ አየሁት። በትከሻው ተሸክሞ ያሳደገው እሱ አይደል? ያደረገውን ቢያውቅ አንድ ቀን አያድርም። አንድ ልጅ ጠፍቶብናል፤ እሱን ደግሞ በእጄ አላጠፋውም። ምስጢሩ በእኔና በአንቺ መሐል ይቅር፣ አደራ።

እሁድ ይደውልልሻል። "ለእህቴ እኔ ራሴ ነኝ የምነግራት" ብሎ እኔን ከልክሎኛል። ጎማዎቹን እንዴት እንደፈታ፣ ጣሪያውን እንዴት እንዳጸዳው አንድም ሳያስቀር ይነግርሻል። እስከ መጨረሻው ስሚው። እንዳታለቅሺበት። ሲጨርስ "እጅህ ይባረክ" በይው። እኔ ልለው ደጋግሜ ሞክሬ አልሆነልኝም። አንቺ ታላቁ ነሽ፣ ካንቺ አፍ ይስማው።

ፈጣሪ የሚችል ልብ ይስጥሽ፤ ለእኔም ከእሱ ቆንጥሮ ያስተርፍልኝ።

የልጅሽ አባት