ቢጫው ላይ የቆመችው ቡሬ

ታዴዬ፣

ከተለየኸኝ ወዲህ በረዶው ጥሎ ቀልጧል። ሰፈራችን ክሬሰንት ታውን ያው ነው። የሕንፃው ሊፍት ዛሬም ይበላሻል፣ ጎረቤቶችም ሲያገኙኝ የባልሽ ውሻ እንዴት ናት ይሉኛል። ሚስቱስ እንዴት ናት የሚል እስካሁን አልመጣም።

ሳሎኑን ብታየው አታውቀውም። ሳንቃህ በረንዳ ወጥቷል። ጡረታ ከወጣህ በኋላ ሶፋዬን ገፍተህ የዘረጋኸው፣ ጫፉን ቢጫ የቀባኸው ሳንቃ። አጂሊቲ በምትለው የመሰናክል ውድድር ላይ ውሻ የሳንቃውን ዳገት ወጥቶ ሲወርድ ቢጫውን ሳይረግጥ ከዘለለ ነጥብ ይቀነስበታል እያልክ ስንቴ አስረዳኸኝ! የቡሬ የኋላ እግሯ ቢጫው ላይ፣ የፊቷ ምንጣፌ ላይ፤ አንተ የመልቀቂያ ቃሉን እስክትናገር ንቅንቅ የለም። ከዚያ «ልጄ!» ትላታለህ፣ ትፈነጠራለች፣ ቺዝ ታጎርሳታለህ።

ከቃል ሁሉ ያንን መረጥክ። ልጅ ያልወለድኩልህ እኔ ወጥ ቤት ቆሜ እየሰማሁ። ለክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ክፋት ቢሆን ኖሮ ተጣልተን እንገላገል ነበር።

ለቅሶህ ላይ ወንበር አነሰ። የእድራችን ሰዎች ሳንቃውን አግኝተው በላስቲክ ሳጥኖች ላይ አጋደሙትና አግዳሚ አደረጉት፤ ጥቁር የለበሱ ሴቶች ተደርድረው ተቀመጡበት። ቡሬ ከመኝታ ቤት ወጣች፣ የኋላ እግሯን ቢጫው ጫፍ ላይ ሰቀለች፣ የፊቷን መሬት ላይ ተከለች፣ ቆመች። ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። እንስሳዋ እንኳን ሐዘኑ ገባት ተባለ። ውሻ ነክቶን ቤተ ክርስቲያን አንገባም ብለው ደጃችንን የማይረግጡት ሁሉ አለቀሱላት። እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ቺዟን እየጠበቀች ነበር። ውረጂ ብላት፣ ነይ ብላት፣ በእንግሊዝኛ ብቆጣት አልሰማ አለች። ያቺን ቃል ግን ከአፌ ላወጣት አልቻልኩም። በመጨረሻ ተሸክመው አወረዷት።

ጉልበቴን ታውቀዋለህ፤ ውሻ ይዤ ደረጃ መውጣት መውረድ አልችልም። የክለብህ አሠልጣኝ ልውሰዳት አለች፣ ነገር ግን ካንተ አፍ በቀር ከማንም ቃል የማትሰማ ውሻ አልፈልግም አለችኝ። እሷ ካልወሰደቻት መጠለያ ልትገባብኝ ነው። እናም ውሻህን እኔ አሠለጠንኳት። ቃሉን ግን ቀየርኩት። ሳንቃውን በረንዳ ላይ አዘንብዬ አቁሜ፣ ቢጫው ላይ ስትደርስ ዝም እላለሁ፣ ዓይን ዓይኔን ስታይ ዝም እላለሁ፣ ከዚያ «ሂጂ»ና ቺዝ። ቺዙ ካንተው የተሻለ ነበር፤ አልዋሽህም። በረዶው ሳይቀልጥ ለመደችው።

ባለፈው ቅዳሜ ላስረክባት የክለብህ ሜዳ ድረስ ወሰድኳት። ዳገቱን በረረችበት፣ ወረደች፣ ቢጫው ላይ ቀጥ አለች። አሠልጣኟ ሴትዮ አዲሱን ቃል ልትናገር አፏን ስትከፍት በእጄ አስቆምኳትና እንደምንም ድምፄን እንዳንተ አወፍሬ «ልጄ!» አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፌ ወጣች። ቡሬ ጆሮዋን እንኳን አላነሳችም። ጥሩ ሥልጠና ማለት ከቃሏ በቀር ምንም የማያነቃንቃት ስትሆን ነው ትል አልነበረም? እንኳን ደስ ያለህ፣ ያንተ ድካም ነው።

ሴትዮዋ በተሰባበረ አማርኛ «ሂጂ» አለቻት። ቡሬ ተፈነጠረች፣ ቺዟን በላች፣ የሴትዮዋ መኪና ውስጥ ዘላ ገባች። ዞራ አላየችኝም። ከፋኝ ታዴ። ለእኔ መሰለህ? ላንተ ነው የከፋኝ። ያን ያህል ዓመት ያጎረስካት አንድ ክረምት አልቆየችልህም።

እንግዲህ ቃልህን የማውቃት እኔ ብቻ ቀረሁ፣ እኔው የጠላኋት። እስክሞት እይዝልሃለሁ። አልረሳህም። እኔን በቺዝ የሚያስረሳኝ የለም።