ዝም ማለት ግድ ነው

ጥር 6

ዛሬ ምንም የለም። ሊፍቱ እንደተበላሸ ነው፤ አራት ፎቅ በእግር። ረቂቄን ለሦስተኛ ጊዜ አርሜ ለጋሼ ላክሁላቸው። ጋሼ የክፍላችን ኃላፊ ናቸው። ዘመዴ አይደሉም፤ ግን "ጋሼ በሉኝ፣ እዚህ ቤተሰብ ነን" ስለሚሉ ሁላችንም እንደዚያው እንላቸዋለን። "አየዋለሁ ልጄ፣ በኛ መካከል የኔና ያንቺ የሚባል የለም" አሉኝ። ደስ አለኝ። ሰባት ወር የለፋሁበት ነው።

ማታ እራት ላይ እህቴ ሥራሽ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ለስንተኛ ጊዜ... ነርስ ናት፣ ሥራዋን ለማንም አስረድታ አታውቅም። ቀላል ነው አልኳት። መብራት ሄዶ ሲመጣ በአንድ ቤት ውስጥ ያሉ ትናንሽ ዕቃዎች፣ ደወሉ፣ በሩ፣ ማሞቂያው፣ እንደገና እንዴት ይነጋገሩ? እያንዳንዱ ፋብሪካ በየራሱ ቋንቋ ከሠራቸው አይግባቡም። ስለዚህ አንድ ሰው ረቂቅ ጽፎ ኢንተርኔት ላይ ይለጥፋል። ከየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች ይቦጫጭቁታል። ያርማል። እንደገና ይቦጫጭቁታል። የሚቃወም ሲጠፋ ስታንዳርድ ይሆናል፣ ዓለም በሱ ይሠራል።

"ማንም ሳያዛችሁ?" አለችኝ።

ማንም ሳያዘን።

"በሽተኞች ናችሁ። እኔ ዘንድ አልጋ አለ።"

ጥር 19

ስህተት አገኘሁ። የራሴን።

ሰባተኛው ክፍል ላይ እንዲህ ብዬ ጽፌአለሁ፦ "መሣሪያው ኃይል ሲያገኝ፣ ከጎረቤቱ ሰላምታ እስኪሰማ ድረስ ዝም ማለት ግድ ነው።" በኛ ሥራ "ግድ" እና "ይመከራል" የሚሉት ቃላት በደማቁ ነው የሚጻፉት። "ይመከራል" ካልን አምራቹ በቂ ምክንያት ካለው ይተወዋል። "ግድ" ካልን መውጫ የለውም። አንድ መሣሪያ ብቻውን ጠፍቶ ሲነሣ ችግር የለም፤ ሌሎቹ ሰላም ይሉታል። ሁሉም እኩል ሲነሡስ? ሁሉም ሰላምታ ይጠብቃል። ማንም አይጀምርም። እንደተኳረፉ ጎረቤታሞች ተፋጠው ይቀራሉ።

እንዴት አላየሁትም?

መፍትሔው ቀላል ነው። እያንዳንዱ ዕጣ የደረሰውን ያህል ሰከንድ ይጠብቅ፤ ማንም ካልቀደመው ራሱ ሰላም ይበል። ደብተሬ ላይ አራተኛውን እትም ጻፍኩ። ነገ ለጋሼ እነግራቸዋለሁ።

ጥር 20

ጋሼ የሉም። ስብሰባ ሄደዋል አሉኝ።

ጥር 23

ተለጥፏል። የኔ ረቂቅ። ከላይ ያለው ስም ግን የጋሼ ነው። ብቻውን።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ነጠላ ሰረዞቼ ሳይቀሩ አሉ። ስሜን ፈለግሁ... መጨረሻው ገጽ ላይ፣ "ምስጋና" በሚለው ሥር አገኘሁት። "የፊደል ግድፈት በመልቀም ላገዘችን" ይልና ስሜ ይከተላል። የአባቴን ስም አሳስቶ ጽፎታል። ግድፈት ለቃሚዋ እኔ ስለሆንኩ መልቀም ነበረብኝ ማለት ነው።

ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ደብተር ውስጥ አንቱታ የለም።

ጥር 24

ቢሮው ገባሁ። ወንበር ስቦ ሰጠኝ፤ አልተቀመጥኩም። ለኔው አስቦ እንደሆነ አስረዳኝ። ስሟ ያልታወቀ ልጅ ረቂቅ ብታቀርብ ማን ያነባል? በሱ ስም ከገባ ይሰማል። የኔም ጊዜ ይመጣል። ለመሆኑ ምስጋናውን አይቼዋለሁ?

"የኔና ያንቺ የሚባል የለም ብዬሽ የለ?"

አሁን ገና ገባኝ። ያንቺ የሚባል የለም ማለቱ ነበር።

የሰባተኛው ክፍል ነገር ምላሴ ላይ ነበር። ይህ ሰው የሰረቀኝ ሦስተኛውን እትም ነው። ስህተቴን ሰርቆኛል። ልነግረው አፌን ከፈትኩ... ከደንኩት። "አመሰግናለሁ ጋሼ" ብዬ ወጣሁ።

ጥር 25

ከጎኔ የሚቀመጠው ልጅ ሁሉን ያውቃል። ረቂቁን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስጽፍ አይቶኛል። ሹክሹክ ነው የምንለው፤ "ደህና አደርሽ" እንኳ በጆሮ ነው የሚናገረው። ወደ ፕሪንተሩ ጠራኝና ግፍ ነው አለኝ፣ አንጀቱ እንደተቃጠለ ነገረኝ፤ ወረቀት በማያወጣው ፕሪንተር ላይ ቁልፍ እየነካካ። ታዲያ ትመሰክርልኛለህ? አልኩት። ወረቀት ሊያመጣ ሄደ።

የካቲት 2

እንዴት እንደማደርገው አገኘሁ።

በኛ ሥራ የታተመ ሰነድ አይነካም። ቁጥር ከተሰጠው በኋላ ደራሲው እንኳ አንዲት ፊደል አይቀይርበትም። ስህተት ከተገኘ የስህተት ማስታወሻ ይጻፍና ከጎኑ ይለጠፋል። ለዘላለም። ሰነዱን የከፈተ ሁሉ መጀመሪያ እሱን ያያል።

ስለዚህ ይለፍ። ይታተም። ስሙ በትልቁ ይጻፍ፣ ደስ ይበለው፣ ቢሮው ግድግዳ ላይ ይስቀለው። በሦስተኛው ቀን ማስታወሻውን እልካለሁ። በአክብሮት፣ በጥሩ ቋንቋ። የልጅ ልጆቹ ስሙን ሲፈልጉ ስህተቱን ያገኙታል።

እስከዚያ ዝም። እሱስ ቢሆን ያስገባው ዝም ማለት ግድ ነው ብሎ አይደል?

የካቲት 11

የመጨረሻው ጥሪ ተከፈተ። ተቃውሞ ያለው እስከ ባለሙያዎቹ ጉባኤ ድረስ ይናገር፤ ዝም ያለ እንደተስማማ ይቆጠራል። በጋራ ኢሜይላችን ላይ ያመሰግኑታል። "ድንቅ ሥራ።" "ብስለት የታየበት።" አንዷ ስለ አምስተኛው ክፍል ከባድ ጥያቄ ጠየቀችው። በሩን ዘግቶ እኔን ጠየቀኝ። መለስኩለት፤ ቃል በቃል ለጠፈው። ሰባተኛውን ማንም አልጠየቀም።

እንዲህ በደስታ ሠርቼ አላውቅም። ይህ ደግነት አለመሆኑን አውቃለሁ።

የካቲት 20

እህቴ ከሥራ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ወደቀች። ክፍላቸው ባለፈው ሳምንት አዲስ የአልጋ ደወል ገብቶለት ነበር፤ በሽተኛው ሲጫነው ነርሶቹ ዘንድ የሚጮህ። ጠዋት መብራት ሄደ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ መጣ። አምፖሉ በራ፣ ማሽኑ ተነሣ። ደወሎቹ ግን...

"ሃያውም ዝም። አረንጓዴ መብራታቸው በርቷል፣ ደህና ናቸው ብለን ተውናቸው። አንዲት ሴትዮ ተጭና ተጭና፣ የሚመጣላት ስታጣ ራሷ ልትነሣ ስትል ወደቀች። ክንዷ ተሰበረ።"

የማን ሥራ ናቸው? አልኳት። ሣጥኑ ላይ ተጽፏል አለችኝ፦ በአዲሱ ረቂቅ መሠረት የተሠራ። አምራቹ እስኪጸድቅ አልጠበቀም። ምን ያስጠብቀዋል? ማንም አልተቃወመማ።

የካቲት 21

አውቅ ነበር።

የካቲት 22

ለእህቴ ነገርኳት። መሰረቄን ታውቅ ነበር፤ ዝምታዬን አታውቅም። ስንት ቀን ሆነሽ? አለችኝ። ሴትዮዋ የወደቀችው ስህተቱን ካወቅሁ በሠላሳ አንድ ቀኑ ነው አልኩ። ሳህኑን አጥባ ጨረሰች። ከዚያ፦

"ሰውዬሽን ብትፈልጊ ቀቅለሽ ብዪው። ደወሉን ግን አስጩኺልኝ።"

ትናንት ለአምራቹ ጽፌ ነበር። ዛሬ መለሱልኝ፣ በጨዋ ቋንቋ። እነሱ የሚከተሉት ረቂቁን ነው፤ ረቂቁ "ግድ" ይላል፤ ረቂቁ ከተቀየረ እነሱም ይቀይራሉ። ምን እላቸዋለሁ? ልክ ናቸው። ቃሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሆስፒታሉ ደወሎቹን አንሥቶ የድሮዎቹን መልሷል። ቢያንስ እሱ።

ያ ማስታወሻዬ ቀረ። ብቀላዬ ግን አልቀረም፤ ቀኑ ነው የቀረበው። ጉባኤው የካቲት 27 ነው።

የካቲት 27

ሳይረሳኝ ልጻፈው።

ጉባኤው ዘንድሮ እዚሁ ከተማ፣ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው። አረንጓዴ ምንጣፍ፣ ቀዝቃዛ አየር፣ ላፕቶፑ ላይ ያጎነበሰ ሁለት መቶ ሰው። ጋሼ ትናንት "ከመሥሪያ ቤታችን የምናገረው እኔ ብቻ ነኝ" ብሎን ነበር። እዚያ ግን ሰው የሚናገረው በራሱ ስም እንጂ በመሥሪያ ቤቱ አይደለም፤ ማይክራፎኑ ጋ የተሰለፈ ሁሉ ይናገራል። ተሰለፍኩ። አምስተኛ ነበርኩ።

ተራዬ ሲደርስ ሰባተኛው ክፍል ላይ ጥያቄ አለኝ አልኩ። ከዚያ በፊት ግን ክፍሉን ማን እንደጻፈው ይነገረኝ።

መድረኩ ላይ ሆኖ ፈገግ አለ። "ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው እኔው ነኝ የጻፍኩት፣ ልጄ።"

ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈርልኝ አልኩ። ሰብሳቢዋ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የምትሰቅል ሸምገል ያለች ሴት፣ ጸሐፊውን አየችው። ጭንቅላቱን ነቅንቆ መጻፉን ነገራት።

"እንግዲያው ይንገሩኝ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሃያ ደወሎች እኩል ቢነሡ፣ ማን ቀድሞ ይናገራል?"

"እርስዎ" እንጂ "ጋሼ" አለማለቴን ሰማ። ዓይኑ ጠበበ። ጎረቤቱ ሰላምታ ይሰጠዋላ አለ። ጎረቤቱስ ማንን ይጠብቃል? አልኩ። ሌላውን ጎረቤት። ያኛውስ? እዚህ ላይ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ የኪቦርዱ ድምፅ ሁሉ ቀስ በቀስ ጠፋ፤ ሁለት መቶ ሰው ሰባተኛውን ክፍል እያነበበ ነበር። ስለ ሆስፒታሉ ነገርኳቸው። ስለ ሴትዮዋ ክንድ።

ወረቀቱን ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠ። ከዚያ እኔን እየጠቆመ፦

"ይኼን እኔ አይደለሁም የጻፍኩት። እሷ ናት። ሙሉውን የጻፈችው እሷ ናት፤ እኔ አምኛት ነው ያስገባሁት።"

ጸጥ። እኔ ሰባተኛው ክፍል ላይ የጻፍኩት ዓይነት ጸጥታ።

ሰብሳቢዋ መነጽሯን ዓይኗ ላይ አወረደች። ይህም ይስፈር ወይ? ብላ ጠየቀች።

"ግድ ነው" አልኩ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲበርድ ያልተዘጋጀሁበትን ተናገርኩ። አዎ፣ ስህተቱ የኔ ነው። ካገኘሁት ዛሬ ሠላሳ ስምንት ቀን ነው። ይህ ሰው እንዲዋረድበት ብዬ ዝም አልኩ፤ የወደቀችው ግን ሌላ ሰው ናት። ይህም ይስፈር። ከዚያ ደብተሬን ገልጬ መፍትሔውን አነበብኩላቸው። አሁን የሚስቅ አልነበረም።

እዚያ ለድምፅ እጅ አይወጣም። ሰብሳቢዋ ትጠይቃለች፣ የተስማማ አፉን ዘግቶ "እምምም" ይላል። ማን እንዳለ አይታወቅም፤ አለቃውን የሚፈራም ሰው ድምፅ አለው። መጀመሪያ፣ ረቂቁ እንዳለ ይለፍ የሚል? የፍሪጅ ድምፅ ያህል ተሰማ። ቀጥሎ፣ ይመለስ፣ ለጻፈችው ይሰጥ የሚል? ምንጣፉ ከእግሬ ሥር ነዘረ።

ሹክሹክን አየሁት። መድረኩ ሥር፣ ከጋሼ ሁለት ሜትር ላይ ተቀምጧል። እንደ ግንድ ደርቆ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ጉሮሮው ግን ይንቀሳቀሳል።

የካቲት 28

አስጠራኝ። ቤተሰብ አፈረስሽ አለኝ። ስላበላሁሽ፣ ስላስተማርኩሽ...

"ምን አልኩ? እኔ የጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ነው። የተናገሩት እርስዎ ነዎት።"

ጋሼ በዪኝ እንጂ አለኝ፤ እውነት የተጎዳ ይመስል ነበር። መልቀቂያዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሹክሹክ ሣጥኔን እስከ ታች ተሸከመልኝ። "ሰማሽኝ አይደል?" አለኝ በጆሮዬ። ሰምቼሃለሁ አልኩት። ሊፍቱ እንደተበላሸ ነው።

ሰኔ 4

ታተመ። ቁጥር ተሰጠው። ከእንግዲህ አንዲት ፊደል አይነካም።

በዚህ ሳምንት እህቴ አዲሶቹ ደወሎች ተመልሰው ገቡ ብላኝ ነበር፤ ትናንት መብራት ሄዶ መጣ። በዘጠኝ ሰከንድ ውስጥ ሃያውም ተነሡ። "አሁን ደግሞ ዝም የሚሉበትን ጻፊ፣ ጆሮዬ ጠፋ" ትላለች። ሴትዮዋ ለክትትል ስትመጣ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አየኋት። ክንዷን ታነሣለች፤ እስከ ትከሻዋ ብቻ። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት። "ቦርሳዬን ያዢልኝ" አለችኝ። እስከ ታክሲው ያዝኩላት። እሷን የሚያርም እትም የለም።

ስሜ ከላይ ነው። ብቻውን። የአባቴም ስም በትክክል።

መጨረሻው ገጽ ላይ፣ "ምስጋና" በሚለው ሥር፣ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። አልደከምኩበትም፤ ገልብጬ ነው። "የፊደል ግድፈት በመልቀም ላገዘን" ይልና የሱ ስም ይከተላል። የአባቱን ስም ሦስት ጊዜ አረጋገጥኩ፤ የፈለገው ሁሉ እንዲያገኘው።

ከመታተሙ በፊት ሰብሳቢዋ ጽፋልኝ ነበር። ሰውየው ትልቅ ሰው ናቸው፣ "ላገዙን" ቢባል አይሻልም ወይ? ብላ።

ይመከራል፣ ግድ ግን አይደለም ብዬ መለስኩላት።