ስለ ወለቀው ትከሻዬ

ይድረስ ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሼ መኩሪያ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? የእናታችንስ ጉልበት ተሻላት? እትዬ ንግስትና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? የበልጉ ዝናብስ ጣለላችሁ? እኔ በነፍሴ አለሁ፤ በሥጋዬ ግን ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽዎትም።

በነጋዴው በመሐሙድ እጅ የላኩት ደብዳቤ ደርሶኛል። «ለእርሻ ና ብንልህ ቀረህ፤ ከተማ አስንፎሃል» ይላል። ቃሉ ከጉዳቴ ይልቅ አሞኛልና የሆነውን ሁሉ ልንገርዎ።

በጥቅምት ወር፣ በምሠራበት ወፍጮ ቤት ከባልንጀራዬ ከቱሉ ጋር ጆንያ ከመኪና ስናወርድ የምንረግጠው ሳንቃ ተሰበረ። ቀኝ እጄን ዘርግቼ ወደቅሁ፤ ጆንያውም ከላዬ መጣ። ትከሻዬ ውስጥ አንድ ነገር ቋ ሲል ተሰማኝ፤ ክብ የነበረው ትከሻዬ ጠፍጣፋ ሆነ። ሐኪም ቤት ላኩኝ ብዬ አለቃችንን አቶ መዝገቡን ብለምነው «ሥጋው ነው የተቀጠቀጠው፤ ታሽተህ ሥራህን ሥራ» አለኝ። ወጌሻውም «ወለምታ ነው» እያለ ሲያሸኝ ከረመ። ጩኸቴ ጎፋ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ሦስት ወር ታግሼ በራሴ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ ሸሚዜን አስወልቆ ሁለቱን ትከሻዎቼን አስተያየ። «ክንድህን ወደ ጎን አንሳ» አለኝ፤ ክንዴ ግን እምቢ አለኝ። ከትከሻዬ ዝቅ ብሎ በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ ቢያደርገኝ አልተሰማኝም። ከዚያ ራጅ አስነስቶ ፊልሙን በመስኮቱ ብርሃን አሳየኝ፤ የክንዴ አጥንት ራስ ከጎድጓዳ መቀመጫው ወጥቶ ከፊቱ ተጋድሟል። «የዚያኑ ቀን መጥተህ ቢሆን ስቤ እመልሰው ነበር። አሁን ተጣብቋል፤ ነርቩም ተጎድቷል» አለኝ። በቀዶ ሕክምና ቢከፈትም እንደ ድሮው እንደማይሆን ነገረኝ።

የሐኪሙን ወረቀት ይዤ ወፍጮ ቤት ብሄድ መዝገቡ «ቤትህ ወድቀህ ነው» አለ። ቱሉን አስጠሩት። ጋሼ፣ ቱሉ የልጄ የክርስትና አባት ነው፤ ጆንያውን ከላዬ ያነሳልኝም እሱ ነበር። መሬት መሬት እያየ «እኔ አላየሁም» አለ። የአምስት ልጆች አባት ነው፣ እንጀራውን ፈርቶ ነው ይሉኛል። እኔስ አባት አይደለሁም? የዚያኑ ዕለት አሰናበቱኝ።

አሁን የሰው ልብስ እያጠበች የምታበላኝ ባለቤቴ እፀገነት ናት። ባለፈው እሑድ መካኒሳ አቦ ሄጄ በግራ እጄ ሳማትብ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየኝ። ስወጣ ቱሉ ቅጥሩ በር ላይ ጠብቆ ሊጨብጠኝ እጁን ዘረጋ። የምዘረጋለት ቀኝ እጅ የለኝም፤ ቢኖረኝም አልዘረጋም ነበር።

እንግዲህ ጋሼ፣ እርፍ የሚይዝ ወንድም የለዎትም። ድርሻዬን ጎረቤታችን ደገፋ ይረስልኝ። ሰነፍ ያሉኝን ቃል ግን በሰው ፊት ተናግረውት ከሆነ፣ በሰው ፊት ያንሱልኝ።

እትዬ ንግስትን እጅ ነሥቻለሁ። ሞልቱንና ትንሿን ውዳሴን ይሳሙልኝ። እናታችንን ጉልበቷን ስሜያለሁ ይበሉልኝ፤ የትከሻዬን ነገር ግን አያንብቡላት። ሥራ በዝቶበት ነው የቀረው ይበሏት።

ወንድምዎ አስረስ
ንፋስ ስልክ፣ አዲስ አበባ
መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.