«ለአባቷ መልሳት» ያልኩት

መርሳ፣ ጥር 14 ቀን 1998 ዓ.ም.

የልጅ ልጄ ዛሬ ክርስትና ተነሳች። ተመስገን። ከሷ በፊት ምራቴ ዘነቡን ሦስት ጊዜ አስወርዷታል። ያኔ ልጄን ሞላን «ይህቺ ሴት ዘር አይወጣላትም፣ ለአባቷ መልሳት» አልኩት። እምቢ ብሎኝ ወልድያ ሐኪም ቤት ወሰዳት። ሐኪሟ የሁለቱንም ደም አስመርምራ ቂጥኝ አገኘች፤ ፅንሱን የሚያስወርደው እሱ ነው አለች። ለካ ሞላ ከትዳሩ በፊት በሹፍርና ሲዞር ይዞት የመጣ ነው። ሁለቱም መርፌውን ተወግተው ዳኑ፤ ይኸው ልጅ ታቀፍን።

ይህን የምትጽፍልኝ ራሷ ዘነቡ ናት። «መልሳት» የሚለው ላይ ስትደርስ እስክሪብቶውን አቆመች።

«አባባ፣ ይኼንም ልጻፈው?»

«ጻፊው። ብያለሁ።»

«ያኔም ጓዳ ሆኜ ሰምቼዎ ነበር» አለችኝ።

ሰምታኝ ኖሮ አንድ ቀን ፊቷን አላጠቆረችብኝም። ይኼንንም ጻፊው አልኳት።